«እናንተ እዚህ በርካሽ ነው የምትኖሩት» ላላችሁን፦ ከወሎ ተከራይ የመንግሥት ሠራተኞች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በወሎ ከተሞች የቤት፣ የመሬትና የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከታችሁ የሥራ ኃላፊዎች በሙሉ

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ቤት ተከራይተን የምንኖር የመንግሥት ሠራተኞች ነን። መምህራን አለን፣ ነርሶች አለን፣ የቢሮ ሠራተኞች አለን። አብዛኞቻችን ደሴ ነን። ኮምቦልቻና ወልዲያ ያሉ ባልደረቦቻችንም ሐሳባቸውን ጨምረውበታል።

ባለፈው ወር በተጠራ ስብሰባ ላይ ሦስት ነገር ጠይቀን ነበር። ለቤት ማኅበራችን ቦታ ይሰጠን አልን። የኪራይ ውል የሚመዘገብበት አሠራር ይጀመር አልን። የቤት አበል ይታሰብልን አልን። መልሱ አጭር ነበር። «ኑሮ የተወደደው አዲስ አበባ ነው። እናንተ እዚህ በርካሽ ነው የምትኖሩት። ጥያቄያችሁ ወቅታዊ አይደለም» ተባልን። ከዚያ ወደ ሌላ አጀንዳ ታለፈ።

ያ መልስ ብዙዎቻችንን አሳዝኖናል። እኔን ደግሞ በተለየ መንገድ ነው የነካኝ። አዲስ አበባ ሰባት ዓመት አስተምሬ ነው ወደ ደሴ የተመለስኩት። ሁለቱንም ኑሮ በኪሴ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ባልደረቦቼ «አንተ ጻፈው» አሉኝ። መልሱም ከዚያው ከተነሣው ነገር ይጀምር ብለናል፤ ከአዲስ አበባ።

እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ውድ ናት። ጀሞ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስድስት ኪሎ አካባቢ አስተምር ነበር። ከደሞዜ ግማሹ ለቤት ይሄዳል። በቀን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ነኝ። ጠዋት በጨለማ እወጣለሁ፣ ማታ በጨለማ እገባለሁ። ልጄን ተኝታ ትቻት ሄጄ ተኝታ አገኛታለሁ። አከራያችን እንግዳ አይወዱም ነበር። እናቴ ከወሎ ስትመጣ «ስንት ቀን ትቆያለች?» ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ታመኛለች። አባቴ ሲታመም ለመምጣት የትራንስፖርት ብር የተበደርኩት ከትምህርት ቤቱ ጥበቃ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ሌላ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

ግን ከተማዋ የምትወስደውን ያህል የምትመልሰውም ነበር። የሥራ ሰርቪስ አለ። የመንግሥት ሠራተኛ መታወቂያውን አሳይቶ በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በነፃ ይሄዳል። ቅዳሜና እሁድ ሁለት ልጆች አስጠና ነበር። የቤት ኪራዬን ሲሶ የምሸፍነው ከዚያ ነው። ባለቤቴ ሥራ በፈለገች በሦስተኛው ሳምንት አገኘች። ሁለተኛ ዲግሪዬን በማታ ተማርኩ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ። አንድ ደሞዝ ብቻ ላለው ወላጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አራት ኪሎ ያለው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ተማሪዎቼን እየያዝኩ እሄድ ነበር። ልጄ አንድ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራት ሆስፒታል የደረስነው በሃያ ደቂቃ ነው።

ታዲያ ለምን ተመለስኩ? አባቴ ሞተ፣ እናቴ ብቻዋን ቀረች። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ወሎ የራሷ ስጦታ አላት። በእግር ሥራ ይኬዳል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው አየር አለ። ጎረቤት ቡና ሲያፈላ ልጅ ልኮ ይጠራሃል። ሐዘን ሲደርስ ቅሬው፣ ሌላው ዕድር የሚለው፣ ሳይነገረው ይመጣል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ድንኳን ይተክላል። አዲስ አበባ ላይ በብር የማይገዛ ነገር ነው ይህ። ደሞዛችን ትንሽ ቢሆንም እዚህ የምንኖረው ለዚህ ስንል ነበር።

አሁን ግን ይህም እየተነጠቀብን ነው። ዋጋው የትልቅ ከተማ ሆኗል። አገልግሎቱ ግን ያው የትንሽ ከተማ ነው። ስብሰባው ላይ ጊዜ አጥተን ያልተናገርነው ይህን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ኪራይ እንንገራችሁ። በመስከረም 2018 የተደረገው የደሞዝ ማስተካከያ የአንድ ጀማሪ ባለ ዲግሪ መነሻ ደሞዝን ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር አሳድጎታል። ደስ ብሎናል፣ አንክድም። ግብሩና 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ሲነሣለት እጅ ላይ የሚቀረው 8,600 ብር ገደማ ነው። ጭማሪው በቴሌቪዥን በተነገረ በሳምንቱ የአንዲት ጓደኛችን አከራይ በሩን አንኳኩ። «መንግሥት ጨምሮላችሁ የለ?» አሏት። ሦስት ሺህ የነበረው ክፍል አራት ሺህ አምስት መቶ ሆነ። ደሞዙ ገና እጇ አልገባም ነበር።

የዚህች ጓደኛችን ነገር ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት። ነርስ ናት። ሁለት ልጆች አሏት። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ቤት ቀይራለች። መጀመሪያ እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነበረች፣ ከሥራዋ የአሥር ደቂቃ መንገድ። ከዚያ ሆጤ ገባች። ሦስተኛውን ቤት የለቀቀችው «ልጄ ሊያገባ ነው» ተብላ ነው። ልጅየው አላገባም። ቤቱ በወሩ በሁለት ሺህ ብር ጭማሪ ለሌላ ሰው ተከራየ። አሁን ከከተማው ዳር፣ ጢጣ ናት። ደላላው በየጊዜው የኪራዩን ግማሽ ወስዷል። አከራዮቹ የሦስት ወር ቅድሚያ ጠይቀዋታል፣ አንደኛዋ ስድስት ወር። የማታ ተረኛ ስትሆን ባጃጁ የሚጠይቃት ዋጋ የቀኑን ሦስት እጥፍ ነው።

ከሁሉ የከበደባት ግን ሌላ ነው። በየሄደችበት ሰፈር ቅሬ መግባት አለባት። መግቢያ ትከፍላለች፣ ወርሃዊ ትከፍላለች፣ ሰው ሳይለምዳት ትነሣለች። በግንቦት እናቷ ሲያርፉ የየትኛው ቅሬ አባል እንደሆነች ለመናገር ተቸገረች። የድሮ ሰፈሯ ሰዎች ሰምተው መጡላት፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን እነሱም «መዋጮሽ ተቋርጧል» ብለው ሕጉን ቢጠቅሱ ኖሮ መብታቸው ነበር። ወሎ ላይ ሰው ያለ ቅሬ ቀረ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

አከራዮቹን ጠላት ለማድረግ አይደለም ይህን የምንለው። ብዙዎቹ በኪራይ ብቻ የሚተዳደሩ ጡረተኞችና ባለቤታቸውን በሞት ያጡ እናቶች ናቸው። ዘይቱ ለእነሱም ተወዷል፣ ሽንኩርቱ ለእነሱም ተወዷል። ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ያልጨመረ ነገር የለም። የጎደለው ሁለታችንንም የሚዳኝ ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱ ደግሞ በወረቀት አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ቆየ። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ ይላል። ውሉ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም መንግሥት በሚወስነው መጠን ይሁን ይላል። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ሌላ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች እንዲሠራም ቦታ ሰጥቷል። አዲስ አበባ ያለ የቀድሞ ባልደረባዬ ውሉን ወረዳ ሄዶ አስመዝግቧል። አከራዩ ሊጨምሩበት ሲሉ ወረቀቱን አውጥቶ አሳያቸው፣ ነገሩ በዚያው በረደ። እኛስ? ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ የተመዘገበ ውል የለውም። ሁለት ባልደረቦቻችን ለማስመዝገብ ሄደው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተላኩ። በመጨረሻ «ገና መመሪያ አልወረደም» ተብለው ተመለሱ። ውድ በምትሏት ከተማ ተከራዩ ወረቀት አለው። ርካሽ በምትሉት ከተማ እኛ ያለን የአከራዩ ደግ ልብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የቤት ማኅበራችን ነው። በ2014 ዓ.ም. ከጦርነቱ ማግሥት 24 ሆነን ተደራጀን። ያኔ ደሴና ኮምቦልቻ ገና ከጉዳታቸው አላገገሙም ነበር። ብዙዎቻችን ዕቃችን ተዘርፎ ባዶ ቤት ነበር የገባነው። ቢሆንም ተበድረንም፣ የወርቅ ቀለበት ሸጠንም በነፍስ ወከፍ 70 ሺህ ብር በዝግ ሂሳብ አስገባን። ቦታ በስድስት ወር ይሰጣችኋል ተባልን። ይኸው ዓመታት አለፉ። ብሩ ባንክ ውስጥ ተቀምጧል። ማውጣት አንችልም፣ መሥራትም አንችልም። ያኔ መሠረት አውጥቶ ግድግዳ ያቆም የነበረ ብር ዛሬ ለመሠረቱም አይበቃም። ከ24ቱ ሁለቱ አርፈዋል። የአንዱ ሚስት የባሏን ድርሻ ለማውጣት ፍርድ ቤት ስትመላለስ ክረምቱ አለፈ።

ደሴ ሜዳ የላትም፣ እናውቃለን። በጦሳና በአዝዋ መሃል የተሰነቀረች ከተማ ናት። ተዳፋቱ ላይ ቤት ሲሠራ መሬቱ ይንሸራተታል። ስለዚህ ለቤት የሚሆን ቦታ ብርቅ ነው። ግን ብርቅ ከሆነ የሚከፋፈልበት ደንብ ይበልጥ ግልጽ መሆን ነበረበት። ከእኛ በኋላ የተደራጁ ሰዎች ቦታ ሲረከቡ አይተናል። ለምን እነሱ ቀደሙ? ያጠፋችሁት ነገር ከሌለ መልሱ ቀላል ነው። ተራውን ለጥፉልን።

ኮምቦልቻ ያሉት ባልደረቦቻችን ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ሁላችንም ተደስተናል። ሥራ መጣ። ለሚመጣው ሰው የሚሆን ቤት ግን በዚያው ልክ አልተሠራም። ወጣት ሴቶች አራትና አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። አከራዩ በክፍል ሳይሆን በራስ ቆጥሮ ያስከፍላል። አንድ ባለ ሦስት ልጆች መምህር ከአምስት ደሞዝተኛ ጋር ተጫርቶ እንዴት ያሸንፋል? አንዱ ተሸንፎ ደሴ ቤት ይዟል። በየቀኑ የሐረጎን ዳገት ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 150 ብር ይከፍላል። በወር ከሦስት ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። ጉም የወረደ ቀን መኪናው በዝግታ ስለሚሄድ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጠዋል። ለማርፈዱ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። አዲስ አበባ ቢሆን ሰርቪስ ነበረው።

ስለ ውሃ ብዙ አንልም። ሁላችሁም የምትኖሩበት ነው። ቧንቧው በሁለት ሳምንት አንዴ የሚመጣበት ሰፈር አለ። ታንከር ያለው አከራይ ለተከራዩ በጀሪካን ይሸጣል። ይህም ኪራይ ላይ የሚደመር ኪራይ ነው።

ሕክምናውን ግን ዝም ብለን አናልፈውም። አንዲት የሥራ ባልደረባችን የጡት ካንሰር ተገኘባት። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገራችን የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ሌሎች ከተሞችም ጀምረዋል። እሷ የተላከችው አዲስ አበባ ነው። አራት መቶ ኪሎ ሜትር። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥታ፣ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት አድርጋ፣ ጣርማ በርን ወጥታ፣ ደብረ ብርሃንን አልፋ። መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮዋ ያልፋል። ቀጠሮዋ ሲያልፍ ተራዋ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዘመዷ ቤት መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ አምስት ወር ከረመች። ያ ዘመድ ራሱ በአንዲት ክፍል ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖር ተከራይ ነው። አከራዩ ለተጨማሪው ሰው የመብራትና የውሃ ብለው ኪራይ ጨመሩበት። እዚህ ደሴ የነበራትን ቤት ደግሞ ልልቀቅ ብትል ልጆቿ የት ይግቡ? ሁለት ከተማ ላይ ኪራይ ከፈለች። «ርካሽ ቦታ ነው የምትኖሩት» የሚለው ቃል ሲነገር እሷ ስብሰባው ላይ ነበረች። ሻርፗን ፊቷ ላይ አድርጋ ስትወጣ ያያት ሰው ካለ፣ ምክንያቱ ይህ ነበር።

የውድ ከተማን ዋጋ የሚከፍለው እዚያ የሚኖር ሰው ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ፣ የመማሪያ መጽሐፉ፣ የማሽኑ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። የአዲስ አበባ ዋጋ ላይ የመንገዱ ይጨመራል፣ ከዚያ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ጤፉና ሽሮው እንኳ እንደ ድሮ ርካሽ አይደለም። የገጠሩ ሰላም ሲደፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማ ገብቷል። ማንም ወገኑን ለምን መጣህ አይልም። ግን ሰው ሲጨምር ቤት ካልጨመረ ኪራይ የሚሄድበት አቅጣጫ አንድ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ከእኛ ትምህርት ቤት አራት መምህራን ለቀዋል። ሦስቱ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። አንዱ የፊዚክስ መምህር ነበር፣ ምትኩ እስካሁን አልመጣም። አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ፊዚክስን የሚያጠኑት ከስልክ ነው። ሳይሄድ በፊት ለምነነው ነበር። «እዚያም እዚህም ግማሽ ደሞዜ ለቤት ነው። እዚያ ግን ማስጠናት አለ፣ ለሚስቴም ሥራ አለ» አለን። የምንመልስለት አጣን። በቀደም ደውሎልኝ ነበር። ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ ይኖራል፣ ደክሞታል፣ ልጆቹ የሚጫወቱበት ሜዳ የለም። «ቡና የሚጠራኝ ሰው ናፈቀኝ» አለኝ። «ተመለስ» ልለው ፈልጌ ነበር። አፌን ያዘኝ። ወዴት ይመለስ? ተመልሶ የሚገባበትን ቤት ማን ያሳየዋል?

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

አዋጅ 1320/2016 በወሎ ከተሞች ይሠራ ወይስ አይሠራ፣ ቁርጡ ይነገረን። የሚሠራ ከሆነ ውል የሚመዘገብበት ቢሮ፣ ቀኑና የሚያስፈልገው ወረቀት በማስታወቂያ ሰሌዳና በሬዲዮ ይገለጽ። የክልሉ ውሳኔ የሚጠበቅ ከሆነ እናንተ ጥያቄውን በደብዳቤ ላኩ፣ ግልባጩን ለእኛ ስጡን። እስከዚያው ድረስ ቢያንስ የስድስት ወር ቅድሚያ መጠየቅና ያለ ሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ማስወጣት እንዲቀር ከአከራዮችና ከደላሎች ጋር የምንነጋገርበት መድረክ ይዘጋጅ። የቅሬ ዳኞችም ይጠሩ፣ ሰው የሚሰማው እነሱን ነው።

ለቤት ማኅበራት የሚሰጠው ቦታ ተራ በስም ዝርዝርና በተደራጁበት ቀን ይለጠፍ። የእኛ ማኅበር ቦታ የሚያገኝበት ጊዜ በጽሑፍ ይነገረን። ቦታ የለም ከተባለ ደግሞ ዝግ ሂሳቡ ይከፈትልን። የሟቾቹ ቤተሰቦች ድርሻ ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ በዚህ ወር ይለቀቅ።

ከደሴ ኮምቦልቻ ለሚመላለሱ ሠራተኞች ጠዋትና ማታ አንድ አንድ የሰርቪስ አውቶቡስ ይመደብ። ነፃ ይሁን አላልንም፣ ከደሞዛችን ይቆረጥ።

ለሕክምና አዲስ አበባ ለሚላኩ ሠራተኞች የውሎ አበልና የትራንስፖርት ክፍያ ከመሄዳቸው በፊት ይሰጥ። ባልደረባችን ያስገባችው ደረሰኝ ሰባት ወር ሆኖታል፣ እስካሁን አልተወራረደም።

የቤት አበሉን ጥያቄ ደግሞ «ወቅታዊ አይደለም» ብላችሁ የዘጋችሁትን መልሳችሁ ክፈቱት። ከመወሰናችሁ በፊት ከእናንተ መካከል ሦስት ሰው መድቡ። ከእኛም ሦስት ሰው እንመድባለን። አብረን የደሴን ሰፈሮች፣ ሸዋ በርን፣ ሆጤን፣ ቧንቧ ውሃን፣ ጢጣን ዞረን ኪራይ እንጠይቅ። ኮምቦልቻም እንውረድ። የምናገኘውን ዋጋ በአንድ ወረቀት ጽፈን ሁላችንም እንፈርምበት።

መልሳችሁን በአንድ ወር ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለስብሰባ ከጠራችሁንም ከሥራ ሰዓት ውጭ ባለው በማንኛውም ጊዜ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በወሎ ከተሞች ተከራይተው የሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኞችን በመወከል፣
የ24 አባላት የቤት ማኅበር ጸሐፊና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር